የማን አያት?

«አባባ፣ አይንቀሳቀሱ አልኩ እኮ!»

የሚስራ እርሳስ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አያቷ አያ ይማም ግን የሰሟት አይመስሉም። የተሰበረ ጃንጥላ በጉልበታቸው መካከል ይዘው ሽቦውን በፒንሳ ያጠማዝዛሉ። አንዴ ወደ ግራ ያዘነብላሉ፤ አንዴ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ይገፋሉ፤ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ሰላም ሲላቸው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ዞረው የቤተሰቡን ደኅንነት አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። ሲመለሱ ጭንቅላታቸው የቅድሙ ቦታ ላይ አይገኝም።

«አልተንቀሳቀስኩም» አሉ።

«አሁን ዞሩ!»

«ሰው ሰላም ሲለኝ በጀርባዬ ልመልስለት? ምን ያለሽ ልጅ ነሽ!»

ሚስራ ላጲሷን አንስታ የአፍንጫቸውን መስመር ለአራተኛ ጊዜ አጠፋች። ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቶ አድፏል። ከአፍንጫው በታች ያለው አፍ የሌላ ሰው አፍ ነው። ከዓይኖቹ አንዱ ከሌላው ከፍ ብሏል። ከሰኞ ጀምሮ ይህ ስድስተኛ ሙከራዋ ነበር፤ አምስቱን ቀድዳ ጥላለች። ስድስተኛውንም ከመሃል ይዛ ለሁለት ቀደደችው።

አያቷ ቀና ብለው አዩአት። «ወረቀቱ ምን አደረገሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

ቁርጥራጩን ጨምድዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ግንቦት እያለቀ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ዝናብ ሲገባ አያ ይማም ቀና የሚሉበት ጊዜ አይኖራቸውም። ገበያው ዳር፣ በጨርቃ ጨርቅ ሱቆቹ ጎን፣ ለሁለት ሰው ከነዕቃው በማይበቃው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ጃንጥላ ሲጠግኑ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። እግራቸው ሥር ጥቁር ጃንጥላዎች ክንፋቸው እንደተሰበረ ወፍ ተከምረዋል። ከላይ፣ መሬት እንዳይነካ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በምስማር የተሰቀለው ትልቁ ጃንጥላ የቤተ ክርስቲያን ነው። ለሰኔ ሚካኤል እንዲደርስ ዲያቆኑ አደራ ብለው ትተውት ሄደዋል።

ሚስራ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ባሕር ዳር የሚገኝ አንድ የሥዕል ማሠልጠኛ ዘንድሮ በክረምቱ ሁለት ወር ሃያ ታዳጊዎችን ተቀብሎ ሊያስተምር ነው፤ ማደሪያውም፣ ቀለሙም፣ ሸራውም በነጻ። ማስታወቂያውን አምጥተው የሰጧት የሥነ ጥበብ መምህሯ ዓለምነው ናቸው። ለማመልከት አሥር ሥዕሎችን በአንድ አቃፊ አድርጎ ማቅረብ ያስፈልጋል። ከአሥሩ አምስቱ ደግሞ ከፎቶ ያልተገለበጡ፣ ሰውን ወይም ዕቃን ፊት ለፊት እያዩ የተሳሉ መሆን አለባቸው። ለዚህ ማረጋገጫ መምህሩ በእያንዳንዳቸው ጀርባ ይፈርማሉ። መምህር ዓለምነው ዓርብ ከሰዓት ለስብሰባ ወደ ባሕር ዳር ስለሚሄዱ አቃፊውን ራሳቸው ሊያደርሱላት ቃል ገብተዋል።

እያዩ የተሳሉት አምስቱ ሥዕሎች ነበሯት። ቢያንስ መምህር ዓለምነው እንደዚያ ያምናሉ። በመስጊድ በር ላይ የተኮለኮሉ ጫማዎች፤ የእናቷ የልብስ ስፌት መኪና፤ ጆንያ ላይ የተኛች ድመት፤ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ጽድ። እነዚህ አራቱ እውነት ናቸው። አምስተኛው ግን፣ በመምህሩ ዝርዝር ላይ ቁጥር አንድ ተብሎ የተጻፈው፣ የሽማግሌው ሥዕል ነው።

ያ ሥዕል የተሳለው አምና፣ ሰባተኛ ክፍል እያለች ነው። ፊታቸው ረጅምና ከሲታ፣ ጺማቸው ነጭ፣ ግንባራቸው እንደታረሰ መሬት የተተለመ ሽማግሌ ናቸው። ሚስራ ፎቷቸውን ያገኘችው ከጓደኛዋ ከማህሌት ስልክ ላይ፣ ኢንተርኔት ሲጎረጉሩ ነው። ፎቶውን በትናንሽ ካሬዎች ከፋፍላ፣ እያንዳንዱን ካሬ ወረቀቱ ላይ እየገለበጠች፣ ሦስት ሳምንት ፈጀባት። የወላጆች ቀን በተከበረ ዕለት ሥዕሉ ከግድግዳ ላይ ሲሰቀል መምህር ዓለምነው ጠጋ ብለው መስመሩን አንድ በአንድ በዓይናቸው ተከተሉ። ከዚያ «ማን ናቸው?» ብለው ጠየቋት። ከኋላዋ ተማሪዎች ተሰብስበዋል። «ከኢንተርኔት ነው» ብትል ሁሉም «አሃ» ብሎ የሚሄድ መሰላት።

«አያቴ» አለች።

አንድ ቃል ናት። መምህሩ ግን ዞረው ለዳይሬክተሩ ነገሩ፤ ዳይሬክተሩ ለእንግዶቹ ነገሩ። ሥዕሉ ዓመቱን ሙሉ በመምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ ከረመ። አሁን መምህሩ የድጋፍ ደብዳቤውን ሲጽፉላትም የሚጽፉት ስለዚሁ ሥዕል ነው።

ሚስራ ያሰበችው እንዲህ ነው። እውነተኛ አያቷን አሳምራ ትስላለች። ከዚያ «ቲቸር፣ በዚያኛው ቦታ ይሄን ላስገባው፣ ይሄ ይሻላል» ትላለች። ለምን እንደሆነ መናገር አይኖርባትም። ግን ስድስት ጊዜ ሞክራ ስድስቱንም ጊዜ የአያቷ መልክ እጇ ላይ አልመጣላትም።

«ዛሬም ቀደድሽው?»

ማህሌት ነበረች። የክፍል ጓደኛዋም ጎረቤቷም ናት። አያ ይማምን ጎንበስ ብላ ሰላም አለችና ሚስራን እጇን ይዛ ከጥላው ውጭ ሳበቻት።

«እኔ አንቺ አልገባሽኝም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሥዕሉ አለ። ፊርማው ከነገ ወዲያ ነው። ምን ቀረሽ?»

«ከፎቶ ነው የሳልኩት።»

«ያን የምናውቀው እኔና አንቺ ነን። እኔ ደግሞ አፌ አያመልጠኝም።»

«አባባንስ ቢያዩአቸው?»

«ኧረ አታካብጂ! ቲቸር ጃንጥላ ሊያስጠግኑ እዚህ ድረስ የሚመጡ ይመስልሻል?» ማህሌት ስልኳን ከኪሷ አወጣች። «እሺ፣ ካስጨነቀሽ ፎቶ ላንሳቸው። ቤትሽ ገብተሽ በካሬ ሳዪው። እንደሱ እንደሆነ ትችያለሽ። አያትሽም በእውነት አያትሽ ይሆናሉ። አለቀ!»

ሚስራ ስልኩን አየች። ልትል የፈለገችው «እሺ» ነበር። ግን በሥዕሉ ጀርባ የሚፈረመው «ፊት ለፊት በማየት የተሳለ» ከሚለው ጽሑፍ በታች ነው። ያን ጊዜ በአንዱ ውሸት ፋንታ ሌላ ውሸት ማስገባት ይሆናል።

«ነገ አንድ ጊዜ ልሞክርና» አለች። ድምጿ ውስጥ ተስፋ አልነበረም፤ ንዴት ብቻ ነበር። በማን እንደተናደደች ራሷም አታውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት ዝናቡ ከባድ ሆነ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው መደማመጥ አቃተው። ሚስራ ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጥታ አቃፊዋን ደረቅ ቦታ፣ ከአያቷ ጀርባ፣ አስቀምጣለች። ሰባተኛውን ወረቀት አውጥታ የፊታቸውን ዙሪያ ብቻ እንደሳለች አንድ ሰው ውሃ እያንጠባጠበ ሮጦ ጥላው ሥር ገባ። በእጁ ንፋስ የገለበጠው ጃንጥላ ይዟል።

መምህር ዓለምነው ነበሩ።

«ሚስራ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

እሷ አፏን ከመክፈቷ በፊት አያቷ መለሱ። «የልጅ ልጄ ናት። ይግቡ፣ ይግቡ፣ ዝናቡን እዚህ ያሳልፉ። ጃንጥላው ምን ሁኖ ነው?»

«ንፋሱ ነው የሰበረብኝ» አሉ መምህሩ ጃንጥላውን እያቀበሉ። ከዚያ አያ ይማምን አተኩረው አዩ። ክብ ፊት፤ ለስላሳ ጉንጭ፤ አገጩ ላይ እዚህም እዚያም የበቀሉ ጥቂት ጸጉሮች። «የልጅ ልጅዎ? አያቷ ነዎት ማለት ነው?»

«የአባቷ አባት ነኝ።»

መምህሩ ለአፍታ ግራ ተጋቡ። ከዚያ ፊታቸው ፈካ። «አሃ! እንግዲያው ሥዕሉ ላይ ያሉት የእናትሽ አባት ናቸዋ!»

«የቱ ሥዕል?» አሉ አያ ይማም።

«አልነገረችዎትም? አቤት ይህች ልጅ! አያቷን ስላ ትምህርት ቤቱን በሙሉ ያስደነቀችውን! እኔ እኮ አሥራ ሁለት ዓመት ሳስተምር እንደዚያ ዓይነት ሥዕል ከተማሪ እጅ ሲወጣ አላየሁም።» ወደ ሚስራ ዞሩ። «የእናትሽ አባት ናቸው፣ አይደል?»

ጥያቄው በር ከፍቶ እንደመስጠት ነበር። መምህሩ ራሳቸው ሠርተው ያቀበሏት መልስ ነው፤ የሚቀራት መቀበል ብቻ ነበር።

«አዎ» አለች ሚስራ።

የአያቷ ፒንሳ ቆመ።

የእናቷ አባት ሰይድ፣ ሚስራ ከመወለዷ ከብዙ ዓመታት በፊት ሞተዋል። አንድ ፎቶ እንኳን አላስቀሩም። እናቷ የአባታቸው መልክ ከዓይናቸው እየጠፋ እንደሆነ ሲናገሩ ሚስራ ብዙ ጊዜ ሰምታለች። ይህን ሁሉ ከማንም በላይ የሚያውቁት ደግሞ አያ ይማም ናቸው። ሰይድ ጓደኛቸው ነበሩ።

ሚስራ ወደ አያቷ ማየት አልቻለችም። መሬት መሬት አየች። አያ ይማም ወደ ሥራቸው ጎንበስ አሉ። ፒንሳው እንደገና መሥራት ጀመረ። አንድ ሽቦ አወጡ፣ ሌላ ተኩ፣ ጨርቁን በመርፌ ያዝ ያዝ አደረጉት። ጃንጥላውን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍተው ዘግተው ሞከሩና ለመምህሩ ሰጡ። መምህሩ ሒሳባቸውን ከፍለው፣ አመስግነው፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ወጡ።

«ነገ በዕረፍት ሰዓት አቃፊሽን ይዘሽ ነይ» አሉ ከመንገዱ ማዶ ጮክ ብለው። «ደብዳቤውን ጨርሻለሁ!»

ከሄዱ በኋላ አያቷ የጃንጥላዎቹን ክምር ወደ ጎን ገፉ። መርፌያቸውን ከደረታቸው ላይ ሰክተው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«ሰይድ አጭር ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እንደኔው። ፊት ጥርሱ ላይ ክፍተት ነበረው፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር። አንቺ እሱን ከየት አየሽው?»

ሚስራ እርሳሷን በጣቶቿ መካከል አሽከረከረች።

«ማንን ነው የሳልሽው?»

«ማን እንደሆኑ አላውቅም። ስልክ ላይ ያየሁት ፎቶ ነው።»

«የየት አገር ሰው ናቸው?»

«አላውቅም።»

«ስማቸውስ?»

«አልተጻፈም፣ አባባ።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

አቃፊውን ከፍታ ሥዕሉን አወጣች። አያ ይማም መነጽራቸውን አስተካክለው፣ እጃቸው እንዳያቆሽሸው ዳር ዳሩን በጣቶቻቸው ጫፍ ይዘው አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት። ሚስራ ቁጣ ነበር የምትጠብቀው። ቁጣ ቢመጣ ይሻላት ነበር።

«እጅሽ ጎበዝ ነው» አሉ። «መከራ ያየ ፊት ነው ይሄ። የማን አያት ይሆኑ?»

ሚስራ ሦስት ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱን የፊት ሽብሽብ ስትገለብጥ ይህ ጥያቄ አንድም ቀን መጥቶባት አያውቅም።

«የእኔ ፊት አልሆን ብሎሽ ነው?» አሉ አያቷ። ለቀልድ ያሉት ይመስላል፤ ግን አልሳቁም።

«አይደለም!» አለች ሚስራ። «አልቻልኩበትም። ከሰኞ ጀምሮ እርስዎን ለመሳል ስሞክር አላዩኝም? አልቻልኩም!»

«ይህን ችለሽ እኔን አቃተሽ?»

«ይሄኛው አይነቃነቅም!»

አያ ይማም ሥዕሉን መለሱላት። ሚስራ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወረቀቷን እንደገና ጉልበቷ ላይ አደረገች። «አሁን ልሞክር፣ አባባ። ዝናቡ አለ፣ ሰው አይመጣም። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ዛሬ ይቅር፣ ልጄ» አሉ ሌላ ጃንጥላ ከክምሩ እየጎተቱ። «ዛሬ ፊቴ ደስ አይልም።»

ወደ ቤት ስትሄድ አቃፊውን በላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። ባጃጅ ጭቃ ረጨባት፤ ዞራ እንኳን አልተሳደበችም። በማስታወቂያው ተናደደች፤ ለምን ከፎቶ የተሳለውን አይቀበሉም? በመምህሩ ተናደደች፤ ለምን ይጠይቃሉ? ዝናብ በከተማው ላይ ሁሉ ሲዘንብ የእሳቸው ጃንጥላ ለምን ይሰበራል? በማህሌትም ተናደደች። ከዚያ የምትናደድበት ሰው አለቀባት፤ ንዴቱ ግን አላለቀም።

ቤት ስትደርስ እናቷ ዘሀራ የስፌት መኪናው ላይ ናቸው። «ክልላዊ ፈተናው ስንት ሳምንት ቀረው? አንቺ ሥዕል ሥዕል ትያለሽ» አሏት ሳይዞሩ። ሚስራ ለመናገር ከጀርባቸው ቆመች። የአባታቸውን ስም አንስታ መዋሸቷን እንዴት ትንገራቸው? «እሺ፣ አጠናለሁ» ብላ አለፈች።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ የዕረፍት ደወል ሲደወል የመምህራን ክፍል በር ላይ ነበረች። ውስጥ መምህር ዓለምነውና የሒሳብ መምህሯ ፍቅርተ ብቻ ናቸው። መምህርት ፍቅርተ የፈተና ወረቀት ያርማሉ። ግድግዳው ላይ ሥዕሉ የነበረበት ቦታ ከሌላው ቀለም ነጥቶ ይታያል።

«ነይ፣ ነይ!» አሉ መምህር ዓለምነው። ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተዋል። «እስቲ ስሚኝ፣ መጀመሪያውን ብቻ ላንብብልሽ። "ይህች ተማሪ አያቷን በፍቅር ዓይን ተመልክታ፣ ሌላው ሰው አይቶ የሚያልፈውን…"»

«ቲቸር» አለች ሚስራ።

«ቆይ ልጨርስ…»

«አያቴ አይደሉም።»

መምህሩ ቀና አሉ። «አዎ፣ የእናትሽ አባት ናቸው። ትናንት ነገርሽኝ እኮ።»

«እሳቸውም አይደሉም። ማን እንደሆኑ አላውቅም። ከፎቶ ነው የሳልኩት፣ በካሬ። የእናቴ አባት እኔ ሳልወለድ ነው የሞቱት።»

የመምህርት ፍቅርተ እስክርቢቶ ቆመ፤ ከዚያ እንዳልሰማ ሰው ሆነው ማረማቸውን ቀጠሉ።

«ዓመት ሙሉ?» አሉ መምህር ዓለምነው። ድምጻቸው አልጮኸም። «እኔ ዓመት ሙሉ በዚህ በር ለገባው እንግዳ ሁሉ አሳየሁ። "አያቷ ናቸው" አልኩ።» ቀጥለውም «ትናንትስ? አያትሽ ተቀምጠው፣ በፊታቸው?» አሉ።

ሚስራ አቃፊውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። መምህሩ ደብዳቤውን አንስተው አጠፉት፤ እንደገና አጠፉት፤ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«አቃፊውን ስጪኝ።»

የቀሩትን አራቱን ሥዕሎች አንድ በአንድ አወጡ። ከዚህ በፊት ቢሆን ሳይጠይቁ ይፈርሙ ነበር። አሁን ግን ጫማዎቹን አንስተው «ይሄ የት ነው?» አሉ። ነገረቻቸው። «ስንት ቀን ፈጀብሽ? ጠዋት ነው ከሰዓት?» ነገረቻቸው። ስለ ስፌት መኪናው ጠየቁ። ስለ ድመቷ ጠየቁ። ስለ ጽዱ ጠየቁ፤ ከመንገዱ በየትኛው በኩል እንደቆመ ሳይቀር። እውነት የሆነውን ነገር እውነት መሆኑን ማስረዳት እንደ ውሸት አፏን አደረቀው። ፊቷ ጋለ። ቢሆንም ለሁሉም መለሰች። እሳቸውም በአራቱም ጀርባ ፈረሙ።

«አራት» አሉ። «ቅጹ አምስት ይላል።»

«አውቃለሁ።»

«አያትሽን ለምን አልሳልሻቸውም? ትናንት ወረቀት ይዘሽ አይቼሻለሁ።»

«ስድስት ጊዜ ሞክሬ ስላላማረ ቀደድኩት። የትናንቱንም አልጨረስኩትም።»

«ቀደድሽው?» ከእስካሁኑ ሁሉ ይህ ይበልጥ ያናደዳቸው መሰለ። «ስድስቱንም? እኔ ማየት የምፈልገው እኮ እሱን ነበር!»

መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ።

«እስከ ስድስት ሰዓት እዚህ ነኝ። ከዚያ መኪናዬ ይሄዳል፤ አልጠብቅሽም። ደብዳቤውን እንደገና እጽፈዋለሁ። ሁለት መስመር ይሆናል። የማውቀውን ብቻ ነው የምጽፈው።»

«እሺ፣ ቲቸር።» በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች። «ያኛውን… የሽማግሌውን ሥዕል ምን ላድርገው?»

«ያንቺ ነው። ውሰጂው።»

ውጭ ካፊያ ጀምሯል። ከዕረፍት በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ የክለሳ ነበር፤ የክፍለ ጊዜው መምህር ስላልመጡ ተማሪው በየበረንዳው ተበትኗል። ሚስራ አሰበች። ገበያ ድረስ በእግር ግማሽ ሰዓት ነው። ዛሬ ደግሞ ዓርብ ነው፤ አያቷ ዕቃቸውን ሰብስበው ለጁምዓ ሊሄዱ ይሰናዳሉ። ባይሄዱም ዛሬ ሄዳ «ይቀመጡልኝ» የምትልበት ፊት የላትም። እሳቸው ጋ የምትሄደው አቃፊ ሳትይዝ፣ ለይቅርታ ነው።

ማህሌት ከበረንዳው ጫፍ እየሮጠች መጣች። «ፈረሙልሽ?»

«አራቱን።»

«አምስተኛውስ?»

«ነገርኳቸው።»

ማህሌት ባለችበት ቀረች። «ነገርሻቸው? ምኑን? ሁሉንም? አብደሻል? ሁለት ሰዓት እንኳን ሳይቀረው?» ከዚያ ዓይኗ ፈጠጠ። «ስሜን ጠራሽ?»

«አልጠራሁም።»

«ዓመት ሙሉ አፌን ዘግቼልሽ! ትናንት ማታ እንኳን እናቴ ስትጠይቀኝ…» ማህሌት ጀርባዋን ሰጥታት ግድግዳውን ተደገፈች። በመጨረሻ ማህሌት በቁጣዋ መሃል ስልኳን አወጣች።

«አሁን ምን ሊደረግ ነው? ቲቸር የሚሄዱት ስድስት ላይ አይደል? እሺ በቃ፣ የግቢ በር ጠባቂዋን እትዬ ፈንታነሽን ሄጄ ፎቶ ላንሳቸው፤ አንቺ ክፍል ገብተሽ ቶሎ በካሬ ሳዪ። እዚህ ብርድ ላይ ሆነሽ የሚነቃነቅ ሰው ስለሽ አትደርሺም። ቲቸር በር ላይ ሆነሽ መሳል አለመሳልሽን ሄደው አያጣሩ!»

እውነቷን ነው። በካሬ ቢሆን ትደርሳለች፤ ያምራልም። ሚስራ ይህን ታውቃለች። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና ንጹሕ ወረቀት አወጣች። እጇ በብርዱ ደንዝዟል።

«ቁጭ በይ» አለች።

«ማን? እኔ?»

«አዎ።»

«ኧረ ባክሽ! ጸጉሬን አልተሠራሁ! ደግሞ ተናድጄብሻለሁ።»

«አውቃለሁ። ስልኩን ኪስሽ ክተቺውና ቁጭ በይ።»

ማህሌት አመነታች። አንዴ የመምህራን ክፍልን በር፣ አንዴ ሚስራን አየች። ከዚያ ስልኳን ከተተችና በረንዳው ጠርዝ ላይ፣ ውሃው እንዳይነካት እግሯን ሰብስባ፣ ተቀመጠች።

«አስቀያሚ ካደረግሽኝ እቀደዋለሁ» አለች።

«አትቀድጂውም። እንዴትም ይሁን እንዴት ስድስት ሰዓት ላይ ይገባል።»

«እንደ ሐውልት ልቀመጥ?»

«አይ። አውሪ።»

«ምን ላውራ?»

«ልትዪኝ የፈለግሽውን። ተናድጃለሁ አላልሽም?»

ማህሌት ትንፋሽ ወሰደች። «እንግዲያው ስሚኝ…» ብላ ጀመረች፤ ከጀመረች ደግሞ የሚያቆማት አልነበረም። እጇ ይወራጫል፣ አገጯ ይነሳል፣ ዓይኗ አንዴ ሚስራ ላይ አንዴ ዝናቡ ላይ ነው። ሚስራ በሁለቱ የማህሌት ቅንድቦች መካከል ቆዳው የተኮማተረበትን ቦታ አየችና የመጀመሪያውን መስመር ከዚያ ጀመረች።